ስለ ጾም ማዕድና ስለ አንጀት ጤና የተሰጠ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዚህች ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት በዚህ ጊዜ ስለ ሕንፃዋ አሠራር፣ ስለ ደከሙላትም አባቶችና እናቶች ብዙ ነገር ተነግሯል፤ ይህም የተገባ ነው። የዚህ ንግግር ነገር ግን ስለ ሆድ ነው። በቤተ መቅደስ በዓል ስለ ሆድ መናገር ለአንዳንድ ሰው የማይገባ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ስለ መብልና ስለ መጠጥ ሕግ ሠርታ፣ ከዓመቱ ቀኖች የሚበዙትን በዚህ ሕግ ሥር ያደረገች ስለ ሆነች፣ ነገሩ ከደጅዋ ውጭ ነው ሊባል አይቻልም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላል። ካህናትና መነኮሳት የሚጾሙት ሁሉ ሲደመር ደግሞ እስከ 250 ቀን ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ክርስቲያን ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ጾሞ 60 ዓመት የሞላው እንደ ሆነ፣ ከዕድሜው 26 ዓመት ያህሉን በጾም ማዕድ አሳልፏል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን የሚበላ ምግብ ምን ዓይነት እንደ ሆነና በሆድ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ ለሥጋ ጥቅም ብቻ የሚጾም ሰው ተወስኖ የሚበላ እንጂ የጾመ አይባልም። ስለዚህ ጾምን እንደ ገበያ መድኃኒት አድርጎ ማወደስ ክብሩን ዝቅ ማድረግ ይሆናል። ደግሞም ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ጥራጥሬ እየበሉና ውኃ እየጠጡ በ10 ቀን ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ መልካቸው አምሮ መታየቱን የሚተርከውን ክፍል አንዳንድ ሰባክያን ለሐኪም ምስክርነት ሲጠቅሱት ይሰማል። ያ ታሪክ ስለ እግዚአብሔር ኃይል የተጻፈ ነው እንጂ ስለ ምስር አይደለም። ሆኖም የዛሬ ዘመን ሐኪሞች በመሣሪያና በቁጥር መርምረው የደረሱበት ነገር ለጥራጥሬ ትልቅ ክብር የሚሰጥ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው የሚበላው እህል በጨጓራና በቀጭኑ አንጀት ተፈጭቶ ስኳሩ፣ ስቡና ፕሮቲኑ ወደ ደም ይገባል። የእህሉ ገለፈት፣ የጎመኑ ጅማት፣ የባቄላው ሽፋንና ይህን የመሰለው ሁሉ ግን የሰው አንጀት ሊፈጨው የማይችል ስለ ሆነ ሳይለወጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ይህንን ነገር ሐኪሞች አሰር ወይም ፋይበር ይሉታል። በቀድሞው ዘመን አሰር ምንም ጥቅም የሌለው ትርፍ ነገር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ እህል ነጭ እስኪሆን ድረስ እየተፈተገና እየተነፋ መበላቱም የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ነበር። ነጭ ዳቦ የጌቶች፣ ጥቁር ዳቦ የድሆች ይባል የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በትልቁ አንጀት ውስጥ ግን ለዓይን የማይታዩ ብዙ ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ። በ2016 ዓ.ም. በታተመ ግምት መሠረት በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች 38 ትሪሊዮን ያህል ናቸው፤ ይህም ከሰውየው ከራሱ ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኞቹም የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ነው። እነርሱም ቀለብ ይፈልጋሉ፤ ቀለባቸውም ሰው ሊፈጨው ያልቻለው ያ አሰር ነው። አሰሩንም እንደ ጠላ ጥንስስ እያብላሉ ልዩ ልዩ ዓይነት አሲድ ያወጣሉ። ከነዚህ አንዱ ቡቲሬት ይባላል። የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሠሩት ሕዋሳት ከሁሉ ይልቅ የሚመገቡት ይህንኑ ነው፤ ግድግዳውን ያጠነክራል፤ የሰውነትንም ቁጣ ያበርዳል። ስሙ የወጣው ከቅቤ ነው፤ አሲዱ አስቀድሞ የታወቀው በቅቤ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ በጾም ወራት ቅቤ የተከለከለ ሰው ሽሮውንና ባቄላውን ሲበላ፣ በገዛ አንጀቱ ውስጥ በቅቤ ስም የሚጠራው ነገር ይሠራለታል ማለት ነው።

ስለ ሰውነት ቁጣም ጥቂት መግለጽ ይገባል። እሾህ እግርን ሲወጋ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። ይህ መልካም ቁጣ ነው፤ ሰውነት ጠላቱን የሚዋጋበት ስለ ሆነ ጠላቱ ሲወጣ ይበርዳል። ሌላ ዓይነት ቁጣ ደግሞ አለ፤ እርሱም እንደ ተዳፈነ እሳት ነው። ጭስ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ባለቤቱም አይሰማውም፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት እየፋመ የደም ሥርን ይጐዳል፣ የስኳርን ሕመም ያባብሳል፣ ከአንዳንድ ዓይነት ነቀርሳም ጋር ይዛመዳል። ከሚያነዱትም ነገሮች ሲጃራ፣ የሆድ ውፍረት፣ እንቅልፍ ማጣትና አመጋገብ ይገኙባቸዋል።

አሰር ከሌለስ ምን ይሆናል? በ2016 ዓ.ም. ከሰው አንጀት የተወሰዱ ባክቴሪያዎች በአይጦች አንጀት እንዲኖሩ ተደርጎ፣ አይጦቹ አሰር የሌለው ቀለብ ቢሰጣቸው፣ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉትን ስላጡ የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቀውን ልጋግ መብላት ጀመሩ። ልጋጉም ሳስቶ አይጦቹን የሆድ በሽታ በቀላሉ አገኛቸው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቀለብ የከለከለው ሎሌ ጎተራውን ሰርስሮ እንደሚበላ የሚያስገነዝብ ነገር ነው።

ይህ እውቀት እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች ሁለቱ በአፍሪካ ምድር የሠሩ ናቸው፤ ታሪካቸውም ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። አንደኛው ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ጠጋኝ ነበር፤ በኡጋንዳ አገር ሲሠራ በልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ነቀርሳ በ1958 ዓ.ም. ገልጾ ስለ ጻፈ ሕመሙ በስሙ ይጠራል። ሁለተኛው ሂዩ ትሮዌል ነው፤ እርሱም በኬንያና በኡጋንዳ ብዙ ዓመት ሐኪም ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ የክህነት ማዕርግ ተቀብሎ የደብር አገልጋይ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚበዙት የሆድ ድርቀት፣ ኪንታሮት፣ የትልቁ አንጀት ነቀርሳና የልብ በሽታ እህሉን ከነገለፈቱ በሚበላው የገጠር ሕዝብ ዘንድ ጥቂት መሆናቸውን አስተዋሉ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም ነገሩን በዓለም ፊት አወጡት። በእርግጥ የገጠር ሰውና የከተማ ሰው የሚለያዩት በምግብ ብቻ አይደለም፤ በእግሩ የሚሄድና በመኪና የሚሄድ ሰው አንድ አይሆንም። ስለዚህ ሐሳባቸው መጀመሪያ ላይ ተነቅፎ ነበር፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ክርክሩን በሚገባ የሚያስረዳ ፈተና የተገኘው ዘግይቶ በ2015 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን 20 ሰዎች፣ ከደቡብ አፍሪካ ገጠርም 20 ሰዎች ተመርጠው ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ በቀን 14 ግራም ያህል የነበረው አሰራቸው ወደ 55 ግራም ከፍ አለ፤ ሥጋውና ስቡም ተቀነሰላቸው። አፍሪካውያኑ ደግሞ አሰሩ ጥቂት፣ ሥጋውና ስቡ ብዙ የሆነውን የአሜሪካ ማዕድ ተመገቡ። በ14 ቀን ውስጥ የአሜሪካውያኑ አንጀት ቁጣው በረደ፣ ቡቲሬቱም በዛ፤ የአፍሪካውያኑ አንጀት ግን በተቃራኒው ተቆጣ፣ ለነቀርሳ ምልክት የሚሆነውም ነገር ጨመረ። የሁለቱም ወገን ዘር ከአፍሪካ ነው፤ የተለወጠውም ማዕዱ ነው። ከዚህ የሚያስደነግጠው የጊዜው ማጠር ነው። ሁለት ሳምንት ማለት ከጾመ ፍልሰታ የማይበልጥ ጊዜ ነው።

ከኢትዮጵያ ብዙ ሳይርቅ፣ በታንዛኒያ አገር በኪሊማንጃሮ ተራራ አጠገብም በ77 ወንዶች ላይ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት በ2025 ዓ.ም. ታትሟል። የአያቶቻቸውን ምግብ ትተው ለሁለት ሳምንት የፈረንጅ ምግብ የበሉት የገጠር ሰዎች በደማቸው የቁጣ ምልክት ታየባቸው፤ ከተሜዎቹ ወደ አያቶቻቸው ማዕድ ሲመለሱ ግን ቁጣው ቀነሰ፤ ከሙዝና ከዳጉሳ የተጠመቀውን ያገራቸውን መጠጥ ለአንድ ሳምንት በጠጡትም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለጠላ ወዳጆች ምክንያት እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ አልኮል ብዙ ሲጠጣ ራሱ አንጀትን የሚያስቆጣ ስለ ሆነ።

እንግዲህ የጾሙ ማዕድ ምን ነበር? በየገጠሩና በየገዳሙ የጾም ማዕድ ማለት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ቆሎና በሶ ነበር፤ ይህም ሁሉ የሚበላው ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ እንጀራ ጋር ነው። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ገለፈቱን ለይቶ መጣል አይቻልም፤ ስለዚህ ጤፍ የሚበላ ሰው ሳያስበው ሙሉውን እህል ይበላል። የገብስ አሰር ደግሞ በውኃ የሚሟሟ ዓይነት የበዛበት ነው፤ የደምን ስብ ዝቅ ማድረጉም ተመርምሮ ታውቋል። የጾም ወጥ የሚጀመርበት ቀይ ሽንኩርት እንኳ ለአንጀት ባክቴሪያዎች መልካም ቀለብ የሚሆን አሰር አለው። በ200 ግራም የተቀቀለ ድፍን ምስር ውስጥ ከ15 ግራም የማያንስ አሰር ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ለአንድ ጐልማሳ በቀን ከ25 ግራም የማያንስ አሰር፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬም ከ400 ግራም የማያንስ እንዲበላ ያዘዘውን አስቦ ለሚመለከት ሰው፣ አንድ የምስር ወጥና አንድ ጎመን በጤፍ እንጀራ ምን ያህል መንገድ እንደሚያስኬዱት ግልጽ ነው። በ2019 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑም፣ ብዙ አሰር የሚበሉ ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በልብ በሽታ፣ በስኳር ሕመምና በትልቁ አንጀት ነቀርሳ የሚያዙት፣ በማንኛውም ምክንያት የሚሞቱትም ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

ዛሬ በከተማ ያለው የጾም ማዕድ ግን ከዚህ ብዙ ተለውጧል። በገበታው ላይ የሚታየው ከነጭ ዱቄት የተሠራ ዳቦ፣ ፓስታ፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ድንች፣ የጾም ኬክ፣ የጠርሙስ ለስላሳ ነው። ባሕር ተሻግረው በሚኖሩት ምእመናን ዘንድ እንጀራው ራሱ ብዙ ጊዜ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ከነዚህ አንዱም ሥጋ ወይም ወተት የለበትም፤ በሕጉ ፊደል ጾም ነው። ነገር ግን በአንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ አሰር ግን ምንም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ስኳር ከ50 ግራም እንዲያንስ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ለመጥበሻ የሚያገለግለው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ነው። 55 ቀን በእንዲህ ያለ ማዕድ የጾመ ሰው ስኳሩና ደም ግፊቱ ጨምሮ ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ ጾሙ አሳመመኝ ይላል። ጾሙ አላሳመመውም፤ የአያቱን ሽሮ ትቶ በጾም ስም የተሸጠለትን ነገር ስለ በላ ነው። ሽሮው ውድ ስለ ሆነም አይደለም፤ ብዙዎች የድሀ ምግብ ነው ብለው ስለሚያፍሩበት ነው።

ከተብላላ ምግብ የሚገኘው ጥቅም ሌላ ምዕራፍ ነው። በ1908 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮፍ እርጎ የሚጠጡ ሰዎች ዕድሜያቸው ይረዝማል ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ሐሳቡ በከፊል ግምት ነበረ። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን አሰር የበዛበትን ሌላው ደግሞ የተብላላ ምግብ ለ10 ሳምንት ቢበሉ፣ የተብላላ የበሉት በአንጀታቸው ያሉት የባክቴሪያ ዓይነቶች በዙ፤ በደማቸውም ከሚለኩት የቁጣ ምልክቶች 19ኙ ቀነሱ።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ወዲያው እንጀራ የተብላላ አይደለምን ብሎ ይጠይቃል። የተብላላ ነው፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ነገር ግን ምጣዱ ላይ ሲጋገር ባክቴሪያዎቹ በትኩሳት ይሞታሉ፤ ስለዚህ እንጀራ ሕያዋን ተሕዋስያንን ወደ ሆድ አያስገባም። ጥቅሙ ሌላ ነው። በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን አሥሮ የሚይዝ ፋይታት የሚባል ነገር አለ፤ ሊጡ ሲቦካ ይህ ነገር ይቀንሳል፤ የታሰረውም ማዕድን ይፈታል። በችኮላ በአንድ ሌሊት ተቦክቶ የሚጋገረው የገበያ እንጀራ በዚህ ረገድ በደንብ ከቦካው ያንሳል።

በሕይወት ያለውን የተብላላ ምግብ በጾም ለሚሻ ሰው ያገር ባለሙያ እናቶች ሲልጆን አዘጋጅተው ነበር። ሱፉ በስሱ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተጨምቆ ይጠለላል፤ በዚያ ውኃ የባቄላ ዱቄት ተበጥብጦ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ይበስላል። ከቀዘቀዘ በኋላ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ገብቶበት፣ ካለፈው ሲልጆም ጥቂት ተጨምሮበት፣ ተከድኖ እስኪኮመጥጥ ጥቂት ቀን ይቀመጣል። የሚበላው እንደገና ሳይሞቅ ነውና በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን ሕያዋን ናቸው። ሲልጆ በብዙ ቤት የዐቢይ ጾም ምግብ ነበረ፤ አሁን ግን ስሙን እንኳ የማያውቁ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። በየደብሩ አሠራሩን የሚያውቁ አረጋውያን እናቶች በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸው ቢማሩት ከብዙ የመድኃኒት ቤት ክኒን የበለጠ ትርፍ ነበረው። በፍስክ ቀን ደግሞ እርጎ አለ፤ ነገር ግን ወተቱ አስቀድሞ ካልተፈላ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ወደ ሰው ስለሚተላለፉ፣ አፍልቶ አቀዝቅዞ በእርጎ ማርጋት ይሻላል። አይብ ግን በእሳት ስለሚነጠር ከእርጎ ጋር አይቆጠርም።

ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። የሚነፋውም ባክቴሪያዎቹ ቀለባቸውን ሲያብላሉ አየር ስለሚያወጡ ነው። ባቄላውንና ሽምብራውን ሌሊት ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ በሌላ ውኃ መቀቀል ይህን ይቀንሰዋል። ያልለመደ ሰውም በአንድ ጊዜ አብዝቶ እንዳይበላ፣ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ውኃም እየጠጣ ቢለምድ ይሻላል። አንጀቱ ቆስሎ ወይም ጠቦ በሐኪም እጅ ያለ ሕመምተኛ ግን አሰር ሊጐዳው ስለሚችል ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ጓያም ከጥራጥሬ ተለይቶ ይታይ፤ በረኃብ ዘመን ለወራት ጓያ ብቻ የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚያስነሣው ወደ ጨጓራ ነገር መድረስ ይገባል። ጨጓራ አለብኝ ብሎ ጾምን የተወ፣ በርበሬን የኮነነ፣ ባዶ ሆድ መዋልን የፈራ ሰው በየደብሩ አለ። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች በ1982 ዓ.ም. የጨጓራ ቁስለት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ መሆኑን ወደሚያሳየው ግኝት ደረሱ። ሌሎች ሐኪሞች አናምንም ስላሉ ማርሻል በ1984 ዓ.ም. ባክቴሪያውን በውኃ በጥብጦ ራሱ ጠጣው፤ በጥቂት ቀንም ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋ ነው። ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት ለወገብና ለጉልበት ሕመም ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ካህናት ጉልበታቸው ሲያማቸው ይህን ክኒን በባዶ ሆድ መዋጣቸው ሊታሰብበት ይገባል። በርበሬና ባዶ ሆድ የታመመውን ጨጓራ ሊያሳምሙት ይችላሉ፤ ቁስሉን የሚያመጡት ግን እነርሱ አይደሉም። ስለዚህ ሆዱን ደጋግሞ የሚያመው ሰው ምግብ እየለዋወጠ ዓመታት ከሚቆጥር ይመርመር፤ ባክቴሪያው በመድኃኒት ይጠፋል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስታወከ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ምግብ መዋጥ የተቸገረ ሰው ደግሞ ቀን ሳይቈጥር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ቢውል፣ የደሙ ስኳር እጅግ ዝቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩም ይደነጋገራል፤ በቅዳሴ መካከል እንዲህ ሆኖ የወደቀ ሰው መንፈስ ጣለው ተብሎ ቢታለፍ በሞት ሊለይ ይችላል። በአፉ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠው፤ ራሱን የሳተ ከሆነ ምንም በአፉ ሳይጨመር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሌሎች ደግሞ ጾማቸው እንዳይሰበር ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ፤ ይህም እንደዚያው ያሰጋል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷንና ሕፃኑን ከአቅማቸው በላይ እንዲሸከሙ አላዘዘችም። ችግሩ ሕመምተኛው አፍሮ ለነፍስ አባቱ አለመናገሩ፣ ለሐኪሙም መጾሙን መደበቁ ነው። የነፍስ አባቶች ጾም ሳይገባ የንስሐ ልጆቻቸውን ስለ መድኃኒታቸው ቢጠይቋቸው፣ ሐኪሙም የሚወስዱበትን ሰዓትና መጠን አስቀድሞ ሊያስተካክልላቸው ይችላል።

ስለ መነኮሳትና ፍስክን ፈጽመው ስለ ተዉ አረጋውያን ደግሞ አንድ ነገር ይነገር። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ በጥራጥሬና በቅጠል አይገኝም። በጾምና በፍስክ የሚመላለስ ምእመን በፍስኩ ወራት ጎተራውን ይሞላል። ለብዙ ዓመት ፍስክ ያልቀመሰ ሰው ግን ደሙ ሊያንስ፣ እጅና እግሩም ሊደነዝዝ ይችላል፤ በሽምግልናም ጊዜ ሆድ ይህን ቫይታሚን የመቀበል ኃይሉ ይደክማል። ይህ በእንስሳት ሥጋ ያልተሠራ ቫይታሚን በክኒን ይገኛል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

የቀረው የትንሣኤ ሌሊት ነው። 55 ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የቆየ አንጀት በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋና ጠጅ ሲወርድበት፣ በማግሥቱ የሚሆነውን የሆስፒታል ሠራተኞች ያውቁታል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልን እንደሚያመጣ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የኮሶ ዛፍ ክብሩን ያገኘው ከዚህ አይደለምን? አያቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ አስቀድመው የተልባ ውኃ ይጠጡ ነበር፤ ተልባ በውኃ ሲርስ የሚያወጣው ልጋግ ራሱ ከአሰር ወገን ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዶሮ ወጥ ከእንጀራ ጋር ይቀመሳል፤ ሥጋው እስከ ማግሥት ይቆያል፤ ያም በስሎ። በበዓለ ኀምሳ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ፣ ጎመኑና ምስሩ ከገበታው ጨርሶ የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው። የደቡብ አፍሪካዎቹ ሰዎች አንጀት በ14 ቀን ከተቆጣ በ50 ቀን ምን እንደሚሆን ማስላት አያስቸግርም፤ ስለዚህ ባለሙያዋ እናት ከዶሮው ድስት አጠገብ አንድ የሽሮ ድስት ትጣድ።